የጋሽ አስማረ ሁለተኛ ዓይን

ዓይን መሣል ቀላል ነው። አንድ ዓይን ማለቴ ነው። አንዱንማ ማንም ይሥለዋል። ጉዱ የሚመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ሁለተኛው ዓይን የመጀመሪያውን መምሰል አለበት፤ ከአፍንጫው ማዶ ልክ በቦታው መቀመጥ አለበት፤ ወዴት እንደሚያይም ከወንድሙ ጋር መስማማት አለበት። እኔ በምሥላቸው ፊቶች ላይ ግን ሁለቱ ዓይኖች በድንበር ተጣልተው የተኳረፉ ጎረቤታሞች ነበሩ። አንዱ ወደ ጎንደር ሲያይ ሌላው ወደ ሽሬ ያያል።

ይህ ጉድለት ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ስማር «ሠዓሊው» ከመባል አላገደኝም። ስሙን ያወጡልኝ ጓደኞቼ ናቸው፤ ያወጡልኝም ጣቶቼ ሁልጊዜ ቀለም በቀለም ስለነበሩ ነው። ቀለሙ ከሚያፈስ እስክሪብቶ የመጣ መሆኑን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ ሠዓሊ ከተባልኩ ደግሞ መሣል ግድ ሆነብኝ።

ጥበቤ በዘመን የተከፋፈለ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የጽጌረዳ ዘመን ነበር። የክፍሉ ወንድ ሁሉ ለሚወዳት ልጅ ደብተር ሲሰጥ ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳና በቀስት የተወጋ ልብ የምሥልለት እኔ ነበርኩ። ልብና ቀስት መሣል እጄ ለመደው። ለመደው ስላችሁ፣ ያለ እኔ ፈቃድ እስኪሥል ድረስ ለመደው። የባዮሎጂ መምህራችን ስሜን ሰምተው ኖሮ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የሰው ልብ እንድሥል አዘዙኝ። ቀዩን በቀይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ አድርጌ፣ ከመጽሐፉ ላይ አንድም ቧንቧ ሳላስቀር ሣልኩት። ጨርሼ ብሩሼን ላስቀምጥ ስል እጄ በገዛ ሥልጣኑ ዞረና ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ረጅም ቀስት ሰካበት።

መምህሩ መጡና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ።

«ይሄ የትኛው የደም ሥር ነው?»

«ቀስት ነው ቲቸር።»

«እንዴ! ምን አግኝቶት?»

«ፍቅር ይመስለኛል።»

ግድግዳውን በጡብ ስባሪ እንድፍቅ ተፈረደብኝ። ልቡ ተፋቀ፤ ቀስቱ ግን በዘይት ቀለም የተሣለ ኖሮ እንቢ አለ። ከእኔ በኋላ በዚያ ክፍል የተማሩ ልጆች ፈተና ላይ ትልቁን የደም ሥር፣ አኦርታን፣ ላባ እየቀጠሉለት እንደሣሉ ሰምቻለሁ።

አሥረኛ ክፍል የመነጽር ዘመን ሆነ። ከጽጌረዳ ወደ ሰው ፊት አደግኩ፤ ከዓይን ጋር የተፋጠጥነውም ያኔ ነው። መፍትሔው ጥቁር መነጽር ነበር። በእኔ ሥዕሎች ውስጥ መነጽር ያላደረገ ሰው አልነበረም። አርሶ አደሩ መነጽር አድርጎ ያርሳል፤ እናት መነጽር አድርጋ ታጠባለች፤ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ የሣልኳቸው የጥንት ነገሥታት ሳይቀሩ በመነጽር ተቀምጠው ፍርድ ይሰጣሉ። የታሪክ መምህሬ ጆሮዬን ይዘው «ንጉሡን ሹፌር አደረግከው!» አሉኝ።

በዚህ መሀል ነው መምህር ቢንያም የመጡት። ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ከአዲስ አበባ የተመደቡ፣ ጸጉራቸው የጎፈረ፣ የሥዕል ትምህርት ቤት «ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ» የሚል ታሪክ ያላቸው ሰው ነበሩ። ያ ትንሽ የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ነግረውን አያውቁም። የሥዕል ክበብ አቋቋሙ፤ አባሉ እኔ ነበርኩ። ችግሬን ስነግራቸው ጠመኔ አነሡና ሰሌዳው ላይ በጎኑ የዞረ ሰው ሣሉ፤ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ፣ አንድ ዓይን።

«ይሄ ፕሮፋይል ይባላል» አሉ። «ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ነው የሚሣሉት።»

«ሌላኛው ዓይንስ ቲቸር?»

«ሌላኛው ማዶ ነው። አይታይም።»

አይታይም! እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ይህን ያህል ዘመን የተሠቃየሁበትን ዓይን ሰውዬው በጠመኔ ማዶ ልከው ገላገሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በእኔ ደብተር ውስጥ ያለ ሕዝብ ሁሉ መነጽሩን አውልቆ ወደ ጎን ዞረ።

አሁን አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን የዘረጋው እህል ተራ፣ በጋሽ አስማረ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ጋሽ አስማረ ደግሞ የተራው ትልቅ የእህል ነጋዴ ናቸው። በረንዳው የእሳቸው ነው፤ ጥላው የእሳቸው ነው፤ በጭጋግ ቀን ንፋሱን የሚከልለው የጆንያ ክምርም የእሳቸው ነው። አባቴ «እርስዎ» ይላቸዋል፤ እሳቸው «አንተ» ይሉታል። ዕድሜያቸው እኩል ነው።

እኝህ ሰው ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጣሪያና መደርደሪያ ሰጡ። መጽሐፍ ገና አልመጣም ነበር፤ መደርደሪያው ግን ያምራል። ርዕሰ መምህሩም ለምርቃቱ ዕለት የጋሽ አስማረ ምስል መሰቀል አለበት አሉ። «ፎቶ ብናደርግስ?» ያለ መምህር ነበር። «ፎቶማ መታወቂያ ላይም አለ» ብለው ዘጉት። ሥዕል መሆን ነበረበት፤ ሠዓሊ ደግሞ ነበራቸው።

አቡጀዲውን አባቴ ሰጠኝ፤ ቀለሙ የበር ቀለም ነው። ጋሽ አስማረን መቀመጫ አምጥቼ «እዚህ ይቀመጡልኝ» ማለት አላስፈለገኝም። ከትምህርት ቤት መልስ ከአባቴ መኪና አጠገብ ቁጭ ስል እሳቸው በሱቃቸው ደጃፍ፣ የእህል መስፈሪያ ቁናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ በጎናቸው ይታዩኝ ነበር። ፕሮፋይል! አምላክ ራሱ አስተካክሎ ያስቀመጠልኝ ነው የመሰለኝ። አፍንጫቸውን ሣልኩ፤ ባርኔጣቸውን ሣልኩ፤ አንድ ትልቅ፣ ጥርት ያለ ዓይን ሣልኩ። መምህር ቢንያም አይተው «የአውሮፓ ሥራ ነው» አሉ። ስሜን ከሥር በትልቁ ጻፍኩ።

ምርቃቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ወላጅ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። ጋሽ አስማረ አዲስ ካፖርት፣ ባለቤታቸው እትዬ የሺ ጥበብ ቀሚስ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ጸሎት የሚያደርሱት የደብሩ አገልጋይ መምሬ ካሳ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ረጅም ንግግር አደረጉና ጨርቁን ሳብ አደረጉት።

ጭብጨባው ተጀመረ፤ መሀል ላይ ግን ሰው እጁን ያጋጨ ሳይሆን ያጣበቀ ይመስል ቀጥ አለ። ሊባርኩ ከፍ ያለው የመምሬ ካሳ መስቀል አየር ላይ ቆመ። ከኋላ አንዲት አሮጊት «በስመ አብ» ሲሉ ተሰማ።

«ማን ነው የሣለው?» አሉ መምሬ ካሳ።

ደረቴን ነፍቼ ተነሣሁ።

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለህ?»

«እስማለሁ አባ።»

«ገብተህ የግድግዳውን ሥዕል ታያለህ?»

«አያለሁ አባ።»

«እንግዲያስ አንድ ዓይን የሚሣልለት ማን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

ያኔ ብልጭ አለልኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያየሁት ግድግዳ በሙሉ ፊቴ መጣ። ቅዱሳኑ ሁለት ትልልቅ ዓይናቸውን ከፍተው ፊት ለፊት ያያሉ። ይሁዳ ግን በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን። ጌታን የሚገርፉት በጎናቸው ናቸው፤ አንድ አንድ ዓይን። ሰይጣን፣ ከነቀንዱ፣ አንድ ዓይን። እኔም ጋሽ አስማረን ከነካፖርታቸው ወስጄ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አሰልፌያቸዋለሁ፤ ከሥር ደግሞ ስሜን በትልቁ ጽፌያለሁ።

መምህር ቢንያም ሊያድኑኝ ተነሡ። «አባ፣ ይሄ እኮ ፕሮፋይል ነው። የአውሮፓ ነገሥታት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሣሉት።»

«እነሱማ የሠሩትን እነሱ ያውቃሉ» አሉ መምሬ ካሳ። «አስማረ ግን ምን አደረገ?»

ጥያቄው የዋህ ነበር። ችግሩ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ መልስ ያለው ሰው ብዙ መሆኑ ነው። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ጋሽ አስማረ ዞረ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉ። እትዬ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚያለቅሱ መሰለኝ።

ሥዕል የሚያይ ሰው የሌለበት አገር ነው ስል የኖርኩት እኔ፣ በማግሥቱ ከተማው በሙሉ የሥዕል ተንታኝ ሆኖ አገኘሁት። ገበያተኛው ከዳባት ሳይቀር መጥቶ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ያያል። ትንታኔው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጁ እኮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚውል ነው፣ አይቶ ነው የሣለው። ምኑን አይቶ? ቁናውን ነዋ! የጋሽ አስማረ ቁና ታቹ ወፍራም ነው፣ እህል ያጎድላል የሚል ወሬ ድሮም ነበር፤ ግን በሹክሹክታ ነበር። አሁን ወሬው ሥዕል አገኘ።

ጋሽ አስማረ ይህን ሲሰሙ ምን አደረጉ መሰላችሁ? መስፈሪያቸው አመል ለወጠ። ድሮ በመዳፋቸው ጠርገው ልክ ከአፉ ላይ የሚያስተካክሉት ቁና አሁን ተራራ ይሠራበት ጀመር። ገብሱ ተቆልሎ በዳር በዳር ይፈስሳል፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጨምሪ! ያዢ! ለልጆችሽ ነው!» ይላሉ። ሴቶቹ ከሌላው ሱቅ ሁሉ ለቀው እሳቸው ጋ ተሰለፉ። አንዷ በረንዳው ላይ አገኘችኝና ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «የኔ ጌታ፣ እጅህ ይባረክ። ሁለተኛውን ዓይን ግን እንዳትቸኩል» አለችኝ።

እኔ ባልቸኩል ጋሽ አስማረ ቸኮሉ። በነጋታው ከአባቴ መኪና ፊት ቆሙ። አባቴ የአንድ ገበሬ ሱሪ ጉልበት ላይ ጨርቅ እየደረበ ነበር።

«ልጅህ አንድ ዓይኔን አጥፍቷል» አሉት።

«ልጅ ነው፣ ይቅር ይበሉት።»

«ይቅርታ ዓይን አይሆነኝም። እስከ መጪው ገበያ ዓይኔ ቦታው ካልተመለሰ፣ መኪናህን ይዘህ ሌላ በረንዳ ፈልግ።»

አባቴ መኪናውን መርገጡን ቀጠለ፤ ግን መርፌው ክር እንዳልነበረው ሁለታችንም አይተናል። ቤት ስንገባ ነው የተነፈሰው።

«ምን ነበረበት ሁለት ብታደርግላቸው? ሁለት ዓይን በዛባቸው ብለህ ነው?»

«አልችልማ።»

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን።»

ቀለም የነኩ ጣቶቼን አየ። «እና ይሄ ሁሉ ሰው ሠዓሊ የሚልህ በምንህ ነው?» አለ።

ወደ መምህር ቢንያም ሮጥኩ። እሳቸው እንደሆኑ ችግር አያውቁም። «በጎን የዞረ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን መጨመር ይቻላል» አሉኝ። «ዘመናዊ ሥዕል ይባላል።» እውነት ለመናገር ስለ ዘመናዊ ሥዕል የሚያውቁት ከዚህ አያልፍም ነበር፤ እኔ ደግሞ የሚያውቁትን ያህል እንኳ አላውቅም። ጨመርኩት። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ከመጀመሪያው ዓይን አጠገብ፣ ወደ ጆሮ ጠጋ አድርጌ። ሥዕሉን ተሸክሜ ሱቁ ደጃፍ ሳደርስ ሴቶቹ ገብሳቸውን አስቀምጠው መጡ።

ጋሽ አስማረ አዩት። ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ወደ ግራ አዘነበሉ። «ባለፈው ኃጢአተኛ ነበርኩ» አሉ በዝግታ፤ «አሁን ደግሞ ሸረሪት ሆንኩ?»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ አላስችል ብሏት፣ «ምን ያድርግ፣ ሁለቱም ዓይን ወደ ቁናው እንዲያይ ብሎ ነው» አለች። ሣቁ እስከ መኪና ተራ ተሰማ።

ጋሽ አስማረ ክንዴን ይዘው ወደ ሱቁ ውስጥ ጎተቱኝ፤ በሩን ገርበብ አደረጉና ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። እኔን ከፊት ለፊታቸው ሌላ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። «አሁን በል» አሉ። «እዚህ ነኝ። ሁለቱም አሉ። እያየህ ሣል።»

መጠቅለያ ካኪ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። ቀና አልኩ። የዚያን ቀን ነው አንድ ነገር የገባኝ፤ እኚህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ እያየሁ ፊታቸውን አይቼው አላውቅም። የአባትህን በረንዳ ባለቤት ዓይን ለዓይን አታይም፤ ጫማውን ነው የምታየው። የጫማቸውን ስፌት ዓይኔን ጨፍኜ መሣል እችል ነበር። ፊታቸው ግን ለእኔ እንግዳ ነበር።

ከበረንዳው ወዲያ ያለው፣ እኔ ማዶ ያልኩት የግራ ዓይናቸው ቆቡ ወድቋል። ግማሹ ተኝቷል። ባርኔጣቸው ለምን ወደዚያ ወገን እንደሚያዘነብል፣ ለምን ሁልጊዜ በጎናቸው እንደሚቀመጡ ገባኝ። ሊገሥጹኝ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። እኔም መፍራቱን ረሳሁት። የተኛውን ዓይን ሣልኩ፤ ሌላውን፣ የሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚሠራውንና በዙሪያው የተሸበሸበውን ዓይን ሣልኩ። በብርድ የተሰነጠቀ ከንፈራቸውን ሣልኩ። ዓይኖቹ እኩል አልነበሩም፤ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሣልኳቸው ሁለት ዓይኖች አብረው አንድ ነገር ያዩ ነበር። እኔን ያዩ ነበር።

ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ከውጭ የአባቴ መኪና ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ከዚያ ወረቀቱን ጨመደዱና ወደ ጥግ ወረወሩት።

«አንቃው» አሉ። «ያን ደህናውን ዓይን አይተህ ይኼኛውንም እንደሱ አድርገው። ለቤተ መጻሕፍት ነው እኮ፤ ለሐኪም አይደለም።»

በአዲስ አቡጀዲ ፊታቸውን ፊት ለፊት ሣልኩና የተኛውን ዓይን አነቃሁት። አባቴ ጨርቅ አጥፎ ሁለቱን የሱሪ እግር በአንድ ጊዜ ሲቆርጥ አይቼ፣ እኔም ወረቀት አጥፌ ደህናውን ዓይን ቆረጥኩና ገልብጬ ማዶ ላይ ቀዳሁት። እኩል! ከነአካቴው እኩል! ቅንድቡን አስተካከልኩ፤ ሽብሽቡን በበር ቀለም ተኮስኩት፤ ከንፈሩን አለሰለስኩት። መምህር ቢንያም አንድ ጊዜ አይተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ርዕሰ መምህሩ ግን «አሁን አደግህ!» ብለው ጨበጡኝ።

ሥዕሉ ተሰቀለ። ከሥሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ይሄ መልከ መልካም ሰው ማነው?» ይላል። ከዞን የመጡ አንድ እንግዳ ጋሽ አስማረን ከጎናቸው አቁመው ሥዕሉን እያዩ፣ «ወንድምዎ ናቸው? በሕይወት አሉ?» አሉ። ጋሽ አስማረ አልተቀየሙም። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። «እኔ ነኝ» አሉ ባርኔጣቸውን ወደ ግራ ሳብ አድርገው፤ «ትንሽ ወፍሬ ነበር ያኔ።»

የአባቴ መኪና በቦታው ቀረ። በመጪው ገበያ ቁናው እንደ ድሮው በመዳፍ ተጠረገ፤ ተራራው ወርዶ ሜዳ ሆነ። ያቺ ጆሮዬ ሥር መጥታ የነበረች ሴት ገብሷን ተሸክማ ስታልፍ አየችኝና፣ «ምን ነበረበት ዓይኑን ሳትጨርስ ትንሽ ብትታመም?» ብላኝ ሄደች። ከሥዕል ተቺዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያመኝ የእሷ ነው።

ጋሽ አስማረ እህል ሊያራግፉ ጎንደር በወረዱበት ቀን እትዬ የሺ ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ካኪውን ወረቀት ከተጣለበት ጥግ አንሥተውት ኖሯል። ካውያ አሳርፈውበት ሽብሽቡ ወጥቶለታል፤ የፊቱ ሽብሽብ ግን እንዳለ ነው። ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱት ከበሩ ውስጠኛ ወገን ተለጥፎ አየሁት።

«ሲያገባኝ ራሱን አዘንብሎ ነው የመጣው» አሉኝ። «ይቺን ዓይኑን ያየኋት ከሠርጉ በኋላ ነው።»

«ደነገጡ?»

«ሣቅሁ እንጂ። እሱም ሣቀ። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣ አመጣ።» ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «ምረቃው ላይ ያን አንድ ዓይን ሳይም እንዲሁ ሣቄ አመለጠኝ፤ ተው ብለው አይሰማኝም።»

«ጋሽ አስማረ ይኼን ቢያዩት ግን…»

«አያየውም። ልብሱን የማወጣለት እኔ ነኝ።» ቁም ሣጥኑን ገርበብ አደረጉና እንደገና ከፈት አድርገው አዩት። «ያንን የቤተ መጻሕፍቱን ሰውዬ ተማሪዎች ይዩት፤ እኔ አላውቀውም። ባርኔጣ ያደረገው ባሌ ሲቆጣኝ ደግሞ ገብቼ ይኼኛውን አያለሁ። ይኼኛው አይቆጣም።»